«እኔን!» ከመባሉ በፊት፦ እርጅና፣ አንጎልና የሚዛን መሳት

(በፋካልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል።)



ንግግሬን ሁላችንም በምናውቃት በአንዲት ቃል ልጀምር። በአገራችን አንድ ሰው እንቅፋት መቶት ሲንገዳገድ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ቢያውቀውም ባያውቀውም «እኔን!» ይለዋል። አንዳንዱም «እኔን ይድፋኝ!» ብሎ ይጨምራል። የአንተ መውደቅ በእኔ ይሁን ማለት ነው። እንደ ፊዚዮሎጂ መምህርነቴ ግን ይህች ቃል ስለ ጊዜም ታስታውሰኛለች። ተመልካቹ አይቶ፣ ደንግጦ፣ ቃሏን ተናግሮ እስኪጨርስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። የተንገዳገደው ሰው ይውደቅ ወይስ ይትረፍ የሚለው ጉዳይ ደግሞ በአብዛኛው በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ተወስኗል። የዛሬው ንግግሬ በዚያች ሰከንድ ውስጥ በአንጎል፣ በሕብለ ሰረሰርና በጡንቻዎች መካከል ስለሚሆነው ነገር ነው፤ ዕድሜ ሲገፋም ያ ነገር እንዴት እንደሚለወጥ ነው።

ብዙዎቻችን አረጋውያን የሚወድቁት አንጎላቸው ስለ ዘገየ ብቻ ይመስለናል። መዘግየት አለ፤ ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አያበቃም። ወጣቱ ሳያስበው የሚሠራውን ሥራ አረጋዊው እያሰበ፣ ትኩረቱን እየከፈለ ይሠራዋል። ይህን ስንረዳ፣ ለእናት አባቶቻችን በፍቅር የምናደርግላቸው አንዳንድ ነገር ለምን እንደሚጎዳቸውም እንረዳለን። ወደዚያ ለመድረስ ግን ከመቆም ልነሣ።

መቆምም ሥራ ነው

ቀጥ ብሎ መቆም ዕረፍት ይመስላል፤ ነገር ግን የማያቋርጥ ሥራ ነው። የሰውነታችን የክብደት ማእከል ከእምብርት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከቁርጭምጭሚታችንም ጥቂት ወደ ፊት ቀደም ብሎ ይገኛል። ስለዚህ በቆምን ጊዜ ሁሉ ወደ ፊት ለመውደቅ እናዘነብላለን፤ ዘወትር ይዞ የሚመልሰን በዋናነት የባታችን ጡንቻ ነው። ዝም ብለን ቆመናል ስንል እንኳ ሰውነታችን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ ይወዛወዛል።

አንጎል ይህን ውዝዋዜ የሚከታተለው በሦስት የመልእክት መንገዶች ነው። አንደኛው ዐይን ነው። ሁለተኛው በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው፣ የጭንቅላትን መዞርና ማዘንበል የሚለካው የሚዛን አካል ነው። ሦስተኛው ከውስጥ እግር ቆዳ፣ ከመገጣጠሚያ፣ ከጡንቻና ከጅማት የሚመጣው መልእክት ነው። አንጎል ሦስቱን እንደ ሦስት ምስክሮች ያደምጣቸዋል፤ አንዱ ሲደክም የሌሎቹን ቃል የበለጠ ያምናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው ሐኪም ሞሪትዝ ሮምበርግ ያስተዋወቀው ምርመራ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። እግሮቹን ገጥሞ የቆመ ሕመምተኛ ዐይኑን ሲጨፍን ሊወድቅ ከደረሰ፣ የሌሎቹ ምስክሮች ቃል መጓደሉንና ጉድለቱን በዐይኑ ሲሸፍን መኖሩን እናውቃለን። ተማሪዎቻችን ይህን ምርመራ ዛሬም በሕሙማን ክፍል ይሠሩበታል።

የአንዲት ሰከንድ ታሪክ

ቆማችሁ የምትሄዱበት የከተማ አውቶቡስ ድንገት ሲነሣ የሚሆነውን አስቡ። ወለሉ ከእግራችሁ በታች ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሰውነታችሁ ወደ ኋላ ይቀራል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሉዊስ ናሽነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያደረገው ይህንኑ በላቦራቶሪ መድገም ነበር። ሰዎችን በሚንቀሳቀስ መድረክ ላይ አቁሞ፣ መድረኩን ድንገት እየገፋ፣ የእግርና የወገብ ጡንቻዎቻቸው መቼና በምን ቅደም ተከተል እንደሚነቁ መዘገበ።

ከእነዚህና ከተከታዮቻቸው ጥናቶች የተገኘው የጊዜ ሰሌዳ የሚከተለውን ይመስላል። ቁርጭምጭሚት ድንገት ሲታጠፍ የሚነሣው በጣም አጭሩ ምላሽ በሕብለ ሰረሰር በኩል ዞሮ በ40 እና በ50 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ጡንቻው ላይ ይደርሳል። ይህ ምላሽ ፈጣን ቢሆንም ብቻውን ሰውን ከመውደቅ አያተርፍም። የሚያተርፈው ሚዛናዊ ምላሽ በ100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ይጀምራል። ይህ ምላሽ በአመዛኙ በግንደ አንጎል የሚቀናበር ነው፤ ሥርዓትም አለው። ሰውነት ወደ ፊት ሲያዘነብል መጀመሪያ ባት፣ ቀጥሎ የጭን የኋላ ጡንቻ፣ ከዚያም የጀርባ ጡንቻ ከታች ወደ ላይ በተራ ይነሣሉ። አስበን በፈቃዳችን የምናደርገው እንቅስቃሴ ግን 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። እንግዲህ «ልውደቅ ነው» ብለን ከማሰባችን በፊት እግራችን ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

ታዲያ የላይኛው አንጎል፣ ማለትም የአንጎል ቅርፊት፣ በዚህ ጊዜ ምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በራስ ቅል ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፈው ሰዎችን ማንገዳገድ ሲጀምሩ፣ ከመናወጡ በኋላ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ በመሐል አናት ላይ ጎልታ የምትታይ አንዲት የኤሌክትሪክ ሞገድ አገኙ። ዛሬ «ኤን 1» ትባላለች። እንቅስቃሴን ከሚያቅዱት የቅርፊቱ ክፍሎች አካባቢ የምትነሣ ናት። ሁለት ጠባይዋን ልብ በሉ። የመጀመሪያው፣ ድንገተኛ ለሆነ መናወጥ ትልቅ፣ ሰውየው አስቀድሞ ለሚያውቀው መናወጥ ደግሞ ትንሽ መሆኗ ነው። ሁለተኛው፣ በወጣቶች ላይ በተደረገ ጥናት ሚዛናቸው ደከም ባሉት ላይ ጎልታ መታየቷ ነው። ሞገዷ ከፍ ስትል የምትመጣው የመጀመሪያው የጡንቻ ምላሽ ከተጀመረ በኋላ ስለሆነ፣ የዚያ ምላሽ ምንጭ ልትሆን አትችልም። የላይኛው አንጎል መናወጡን አስተውሎ፣ የታችኛው ሥራ በቂ ካልሆነ ሊገባበት መነሣቱን የምታመለክት ትመስላለች።

በቤተሰብ ምሳሌ ብናስረዳው፣ ግንደ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የቤቱን የዘወትር ሥራ ሳይጠየቁ የሚያከናውኑ ልጆች ናቸው። ቅርፊቱ የሚጠራው ነገሩ ከልጆቹ አቅም በላይ ሲሆን ነው።

ዕድሜ የሚለውጠው

ዕድሜ ሲገፋ ሦስቱም ምስክሮች ይደክማሉ። የዐይን ሌንስ ይደፈርሳል፤ በአገራችን የዐይነ ስውርነት ቀዳሚ መንሥኤ የዐይን ሞራ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት ፀጉር መሰል የስሜት ሕዋሳት ቁጥራቸው ይቀንሳል። ውስጥ እግር ንዝረትን የመለየት አቅሙ ይደነዝዛል፤ የስኳር ሕመም ካለ ደግሞ ድንዛዜው ይብሳል። የነርቭ መልእክት ፍጥነትም በመጠኑ ይቀንሳል።

የዚህ ሁሉ ድምር በመጀመሪያው የጡንቻ ምላሽ ላይ የሚያመጣው መዘግየት ግን ከምንጠብቀው ያነሰ ነው፤ ጤነኛ በሆኑ አረጋውያን ዘንድ ብዙውን ጊዜ ከ20 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ይህ ብቻውን ሰውን አይጥልም። ዋናዎቹ ለውጦች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የጡንቻ ኃይል ነው፤ ይልቁንም ኃይል የሚፈጠርበት ፍጥነት። ዕድሜ ሲገፋ ይበልጥ የሚሳሱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ቃጫዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ወንዶች በገመድ ታስረው ወደ ፊት እንዲያዘነብሉ ከተደረገ በኋላ ገመዱ ድንገት ይለቀቅ ነበር። በአንድ እርምጃ ብቻ ራሳቸውን ማትረፍ የቻሉበት ትልቁ ማዘንበል በወጣቶቹ 32 ዲግሪ፣ በአረጋውያኑ 24 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱን ያመጣው እርምጃው የተጀመረበት ቅጽበት ብቻ አልነበረም፤ በይበልጥ እግሩ የተወረወረበት ፍጥነት ነበር።

ሁለተኛው የሥርዓቱ መፍረስ ነው። በወጣት ላይ አንዱ ጡንቻ ሲሠራ ተቃራኒው ይለቅቃል። በአረጋዊ ላይ ግን የቁርጭምጭሚቱ የፊትና የኋላ ጡንቻዎች ብዙውን ጊዜ አብረው ይኮማተራሉ። ይህ እግሩን ያደድረዋል፤ ለዝግታ መቆም ሊረዳ ይችላል፤ ፈጥኖ እርምጃ ማንሣት ሲያስፈልግ ግን እንቅፋቱ የገዛ ጡንቻው ይሆናል።

ሦስተኛው የአንጎል ቅርፊት ድርሻ ነው። በአረጋውያን ላይ ያቺ ሞገድ ብዙውን ጊዜ ዘግይታ፣ አንዳንዴም ተከፋፍላ ትታያለች። የቅርፊቱ እንቅስቃሴ በጠቅላላው ሲታይ ደግሞ ሚዛንን ለመጠበቅ የላይኛው አንጎል የበለጠ ሥራ ሲሸከም ይስተዋላል። ልጆቹ ሳይጠየቁ ያከናውኑት የነበረው የቤት ሥራ አሁን በአባወራው ጫንቃ ላይ ወድቋል። አባወራው ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ማድረግ አይሆንለትም።

ሲያወራ የሚቆም ሰው

ይህን የትኩረት ዋጋ ከሁሉ ይልቅ ቀለል አድርጎ ያሳየ አንድ የስዊድን ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ በእንክብካቤ መኖሪያ የሚገኙ 58 አረጋውያንን እየተራመዱ ሳለ በጨዋታ ያነጋግሯቸው ነበር። አብዛኞቹ እየሄዱ መለሱ። 12ቱ ግን መልስ ለመስጠት ቆሙ። በተከታዮቹ ስድስት ወራት ከእነዚህ 12 ሰዎች መካከል 10ሩ ወደቁ። ውድ መሣሪያ አላስፈለገም፤ መራመዱና ማውራቱ በአንድ ኪስ ገንዘብ ሲሻሙ ማየት ብቻ በቂ ሆነ።

ከዚህ ሁላችንም የምናገኘው የተግባር ትምህርት አለ። አስፋልት ስናቋርጥ ወይም ደረጃ ስንወርድ አብረውን ያሉትን ትልቅ ሰው «የእገሌ ለቅሶ መቼ ነበር?» ብለን አንጠይቃቸው። ጥያቄው ለእኛ ጨዋታ ነው፤ ለእሳቸው ግን እግራቸውን ከሚጠብቀው ትኩረት ላይ የሚቀነስ ነው።

ፍርሃትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው እንደገና ላለመውደቅ ሲጨነቅ ትኩረቱን ሁሉ በእግሩ ላይ ያደርጋል፤ እግሩን ያደድራል፤ እርምጃውን ያሳጥራል። ቀጥሎም መንቀሳቀስን ይተዋል። መንቀሳቀስን ሲተው ጡንቻው ይሳሳል፤ ፍርሃቱም ትክክል ወደ መሆን ይደርሳል።

ምርኩዝ ምን ይናገራል?

ምርኩዝ ክብደት የሚሸከም ሦስተኛ እግር ብቻ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስቀድመው የቆሙ ሰዎች ጣታቸውን በአንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ እንዲያሳርፉ ተደረገ፤ ግፊቱም ከ100 ግራም ክብደት እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህን ያህል ግፊት ሰውን ደግፎ ሊያቆም አይችልም። የሆነው ሆኖ ውዝዋዜያቸው እጅግ ቀነሰ፤ በኃይል የመደገፍን ያህል ጠቀማቸው። ጣት የነካችው ነገር ለአንጎል አራተኛ ምስክር ሆኖለት ነበር።

ይህን ጥናት ባነበብሁ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ በማሕሌት የሚቆሙት ሊቃውንት ከነመቋሚያቸው ትዝ አሉኝ። መቋሚያ በብብት ሥር ገብቶ ማሳረፉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ጫፉ መሬት ነክቶ በእጃቸው ሳለም ስለ ወለሉና ስለ ሰውነታቸው መዘንበል ለአንጎላቸው መናገሩ አይቀርም። ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው፦ አረጋውያንን ስንረዳ ድንገት ብብታቸው ሥር ገብተን አንጎትታቸው። ክንዳችንን እንስጣቸው፤ እነሱ ይያዙን።

የእናቴ ወንበር

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በመማሪያ መጻሕፍትና በጥናት ጽሑፎች የሚገኝ ነው። አሁን የምናገረው ግን በቤቴ የሆነ ነው፤ ይህን ርእስ የመረጥሁትም ስለዚሁ ነው።

እናቴ በ74 ዓመቷ በገጠሩ ቤታችን ደጃፍ እንቅፋት መታት፤ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። እጇ በጥቂት ሳምንታት ዳነ። እኛ ልጆቿ ግን ደነገጥን። ተመካክረን ወደ አዲስ አበባ አመጣናት፤ በፀሐይ መግቢያው በኩል ጥሩ ወንበር አዘጋጀንላት። ረከቦቱን ለማንሣት ስትሞክር «ተይው እማዬ፣ አረፍ በይ» እንላለን። ወደ ደጅ ስትወጣ አንዳችን ሮጠን እንይዛታለን። ምስር ለቀማው እንኳ ከእጇ ተወሰደ። በገጠር ሳለች በየቀኑ ዳገት ቁልቁለቱን ትሄድ የነበረች ሴት፣ ዓመት ሳይሞላ ግድግዳ ሳትይዝ ግቢውን ማቋረጥ አቃታት። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ እኔ እኮ ደክሞኝ አይደለም የምቀመጠው፤ አስቀምጣችሁኝ ነው።» ሳቅሁ።

ሁለተኛው መውደቅ በጠፍጣፋ ወለል ላይ ሆነ። እንቅፋትም፣ ጭቃም፣ ደረጃም አልነበረም። ከወንበሯ ተነሥታ ወደ አልጋዋ ስትዞር ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በምታሻግርበት ቅጽበት ወደቀች። የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ያለ ሰው ድጋፍ አልተራመደችም፤ በሁለተኛው ዓመት ዐረፈች።

ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት ሳነብ ያቺ ቅጽበት ተመለሰችብኝ። ተመራማሪዎቹ በአረጋውያን መኖሪያዎች በካሜራ የተቀረጹ 227 መውደቆችን መርምረው ነበር። ቀዳሚው ምክንያት፣ 41 በመቶ የሚሆነው፣ ክብደትን በትክክል አለማሻገር ነበር፤ መሰናከል 21 በመቶ ብቻ ነበር። እኛ እናቴን ከእንቅፋት ስንጠብቅ፣ የክብደት ማሻገርን ልምድ ከእግሯ ወስደንባት ነበር። እኔም በዚያው ዓመት ስለ ሚዛን ቁጥጥር በዚህ አዳራሽ አስተምር ነበር።

አንጎል በእርጅናም ይማራል

ይህን የነገርኋችሁ ለማሳዘን ብዬ አይደለም፤ ነገሩ በአብዛኛው የሚስተካከል ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በላቦራቶሪ በደኅንነት ቀበቶ ታስረው ሳያውቁት 24 ጊዜ እንዲያዳልጣቸው የተደረጉ አረጋውያንን ተከታትሏል። በዚያ አንድ ቀን ልምምድ ምክንያት በቀጣዩ ዓመት የመውደቅ አደጋቸው በግማሽ ቀነሰ። ግንደ አንጎልም ቅርፊቱም ከስሕተት ይማራሉ፤ የሚማሩት ግን መንገዳገድን ሲቀምሱ ነው። ከ23,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 108 ጥናቶችን ያጠቃለለ እ.ኤ.አ. የ2019 ግምገማም፣ በማኅበረሰብ ውስጥ በሚኖሩ አረጋውያን ዘንድ የሰውነት እንቅስቃሴ የመውደቅን ቁጥር በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ዋና ጥቅም የሰጡት ሚዛንን የሚፈትኑ እንቅስቃሴዎች ናቸው፦ ከወንበር ያለ እጅ መነሣትና መቀመጥ፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስቀድሞ መቆም፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መራመድ። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ግድግዳ፣ ወንበርና አጠገብ የሚቆም አንድ ሰው ይበቃሉ።

ልምምድ ብቻውን ግን ሁሉን አይፈታም። ድንገት የጀመረ ወይም የተደጋገመ መውደቅ የሌላ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ያደርሳል። ሲነሡ የሚወርድ የደም ግፊት፣ የእንቅልፍና የማስታገሻ መድኃኒቶች፣ የዐይን ሞራ፣ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው ጨለማ መንገድ፣ እነዚህ ሁሉ መታየት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚገኙ ይገልጻል። ጉዳዩ እንግዲህ የሀብታም አገሮች ብቻ አይደለም።

ወጣት ተማሪዎቻችን፣ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ እናት፣ አባት፣ አያት ይጠብቋችኋል። ረከቦቱን ሊያነሡ ሲሞክሩ ከእጃቸው አትቀሙ፤ አጠገባቸው ቁሙ። ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ ዕድር ስብሰባ በእግራቸው መሄድ ከቻሉ አብራችኋቸው ሂዱ፤ ሲያቋርጡ ዝም በሉ፤ ክንዳችሁን ስጧቸው። «እኔን!» የምንለው ሰውየው ከተንገዳገደ በኋላ ነው። ሊረዳቸው የሚችለው ከዚያ በፊት በየቀኑ የምንተውላቸው እርምጃ ነው።